ከላቀው ጋራዥ ፊት ለፊት

«አስቴር፣ እማዬ አረፈች። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው።»

ላቀው ይህን የነገረኝ በስልክ ነው። ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ ገብቼ መርካቶ መሃል ነበርኩ። ድምፁ «ያዘዝኩሽ ዕቃ ደረሰ?» ሲለኝ የሚያወጣው ያው የረጋ ድምፁ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። «አሜን» ብሎ ዘጋው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። የላቀውን እናት እማማ ዘርፌን የሚያውቅ የከተማችን፣ የዓለም ከተማ፣ ሰው በዚህ አይፈርድብኝም። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ትዝ አለኝ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ለዓመታት ከመንገዱ ማዶ ሲያዩኝ የኖሩት እነዚያ ዓይኖች ከእንግዲህ የሉም።

ሱቄ ከአባቴ የወረስኳት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ናት። ከላቀው ጋራዥ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ ሲስል እንኳ እሰማዋለሁ። በዚህ ምክንያት በእናትና በልጅ መካከል የሆነውን ነገር ከማንም ይልቅ ቀረብ ብዬ አይቻለሁ።

እማማ ዘርፌ ረጅም፣ ቀጭን፣ አርጅተው እንኳ አንገታቸው ያልጎበጠ ሴት ነበሩ። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞተውባቸው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ጌሾና በርበሬ እየነገዱ አሳደጉ። በሚዛን ማንንም አያታልሉም፤ በምላሳቸው ግን ማንንም አይምሩም። አንዲት ገበያተኛ ጌሾውን አገላብጣ «ይሄማ ደርቋል» ብትላቸው፣ ከላይ እስከ ታች ያዩዋትና «አንቺስ?» ይሏታል።

ታናሹ እሸቴ ሹፌር ነበር። ሳቂታ ነው፤ ከተማው ሲገባ ጡሩምባውን ከሩቅ እየነፋ እናቱን ከቤት የሚያስወጣ። ታላቁ ላቀው መካኒክ ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም። «እሳትም አመድም ከአንድ ምድጃ ይወጣል» ይሉ ነበር እማማ ዘርፌ ሁለቱን አጠገባቸው አስቀምጠው። እሳቱ ማን፣ አመዱ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልጋቸውም። በዓመት በዓል ቀን የመጀመሪያውን ጉርሻ ለማን እንደሚያጎርሱ ሁላችንም አይተናል። ላቀው ያን ጊዜ ዓይኑን ሞሰቡ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ከታች፣ ጀማ ወንዝ ላይ፣ ድልድይ የሚጠግኑ ሰዎች መጥተው ነበር። መሐንዲሳቸው በጎማ የሚጎተት ቤት ነበረው። አልጋ፣ መስኮትና መጋረጃ ያለው፣ ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚሄድ ትንሽ ቤት። ክረምቱን ሙሉ ከተማችን ውስጥ ጭቃ ላይ ቆሞ ከረመ። መስከረም ሲጠባ ወደ ድልድዩ ይውረድ ተባለ፤ የሚጎትተው መኪና ሹፌር ደግሞ እሸቴ ነበር። ገና ከግቢው ሲያወጣው የግራው ጎማ ጨሰ። እሸቴም በቀጥታ ወደ ወንድሙ ጋራዥ አመጣው።

ላቀው ቤቱን በክሪክ አንስቶ ሁለቱንም ጎማ ፈታ፤ ፍሬኑን እንደ ድስት የሚከድነውን ታምቡር እየደበደበ አወጣው። ምን ዕቃ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ እኔም በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ታምቡሩ ሲወጣ ክረምቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ውኃና ጭቃ ከግሪሱ ጋር ተቦክቶ ሊጥ መስሏል። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረቱ ብረቱን ፍቆታል። ላቀው ጎማው የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች በቤንዚን አጥቦ፣ አንድ በአንድ ጆሮው ሥር እያሽከረከረ አዳመጣቸው። የቀኞቹ ደህና ነበሩ። መዳፉ ላይ ግሪስ ዝቆ በአንዱ ወገን እየጫነ፣ በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ ሞላቸው። የግራውን ሲያሽከረክረው ግን እኔ እንኳ ከበሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ አሸዋ የሚያኝክ ጥርስ ይመስላል። ከሙቀቱ የተነሣ ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል።

«ይሄ ሞቷል» አለ ላቀው። «በልኩ አለሽ?»

አልነበረኝም። ለአዲስ አበባ ደንበኛዬ ደወልኩና በነገው አውቶቡስ እልካለሁ አለኝ። ላቀው ቤቱ በክሪክ ላይ ማደሩን አልወደደውም፤ ቢንሸራተት ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ያንኑ የተበላሸውን ኩሽኔታ ለጊዜው መለሰና ጎማውን አሰረ። ያሰረው ቤቱ በእግሩ ቆሞ እንዲያድር እንጂ እንዲሄድ አልነበረም።

እማማ ዘርፌ ከገበያ ሲመለሱ እዚያው አረፍ ብለው ነበር፤ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። የሆነውን ሁሉ ሰምተዋል። ከእኛ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

«ዛሬ አይሄድም» አለ ላቀው።

«ጎማው ታስሮ የለም እንዴ?» አለ እሸቴ።

«እንዲቆም ነው ያሰርኩት። በዚህ ቁልቁለቱን ከጀመርክ ኩሽኔታው ይነክስና ይቆልፋል፤ ጎማው ይወልቃል። ከወለቀ ደግሞ አንተ ቤቱን አትጎትተውም፤ እሱ ነው አንተን የሚጎትትህ።»

«መሐንዲሱ ዛሬ የሚተኛበትን እየጠበቀ ነው። ነገ ካልኩት ሌላ ሹፌር ይፈልጋል።»

«ይፈልግ።»

እሸቴ ወደ እናቱ ዞሮ ሳቀ። እማማ ዘርፌም ሳቁ።

«ተወው፣ ይሂድበት» አሉት ላቀውን። «አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ጥላህን ስትፈራ ነው የኖርከው። አሁን ደግሞ እሱን እንዳንተ ልታደርገው ነው? ሂድ ልጄ፣ ሂድ። ወንድ ልጅ ነገ አይልም።»

ላቀው እናቱን አያቸው። የቆመው በሩ መሃል ነበር፤ እሱ ካልተነሣ መኪናው መውጫ የለውም። አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ከንፈሩ ገርጥቶ ነበር። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና ከበሩ ዞር አለ።

እሸቴ ጡሩምባውን እየነፋ ወጣ።

ቁልቁለቱን ሳያጋምስ የግራው ጎማ ወለቀ። ቤቱ በአንድ ጎኑ ወድቆ እንደ ጅራፍ ተወነጨፈና መኪናውን ከነእሸቴ ገደል ከተተው። መጀመሪያ የደረሱት ገበሬዎች የመስኮቱን መጋረጃዎች ግራር ላይ ተሰቅለው እንዳዩ አወሩልን። እሸቴን በአንሶላ ጠቅልለው አመጡት፤ ፊቱን ለእናቱ የሚገልጥላቸው ሰው ጠፋ።

በቀብሩ ላይ ላቀው እናቱን ሊደግፍ እጁን ዘረጋ። እማማ ዘርፌ እጁን ያዙት። የሚደገፉ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ለቀስተኛው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረጉት። ጥፍሮቹ ሥር ግሪስ ነበረበት።

«እዩ!» አሉ። «የወንድሙን ጎማ ያሰረው እጅ ይኼ ነው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ላቀው እጁን አላስለቀቀም። እሳቸው እስኪደክማቸው ድረስ እንደተሰቀለ ቆየ።

የሚገርመው፣ የተናገሩት ውሸት አልነበረም። ጎማውን ያሰረው ያ እጅ ነው። የቀረውን ግን ሰው አያውቅም። ላቀውን ለብቻው አግኝቼ «ለምን እውነቱን አትናገርም? እኔ እመሰክርልሃለሁ» ስለው ራሱን ነቀነቀ። «ተይው አስቴር። እናት ናት» አለኝ። በዚያን ቀን በዓይኔ ጻድቅ ሆነ።

ከአርባው በኋላ እማማ ዘርፌ ገበያ መውጣት ተዉ። ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ይቀመጣሉ። መኪና ገብቶ ሹፌሩ ሲወርድ ይጠሩታል። «የማን ልጅ ነህ? እናትህ አሉ?» ይሉታል። «አዎ፣ አሉ» ሲል፣ «እንግዲያው ሳታሠራ ሂድ። የኔ ልጅ ጎማ ሲፈታ ደህና ነው፤ ሲያስር ግን ወንድሙንም አልማረ» ይሉታል። አንዳንዱ ይስቃል፤ ብዙው ግን መኪናውን አዙሮ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጋራዥ ይሄዳል። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ችላ አይልም።

ላቀው አንድ ቀንም አልተቆጣም። ጠዋት ሲመጡ መንገዱን ተሻግሮ ጉልበታቸውን ይስማል፤ «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ?» ይላል። እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሆቴል ምግብ ያመጣላቸዋል፤ ከእጁ አይቀበሉትም፤ እኔ ከእጁ ወስጄ ስሰጣቸው ይበላሉ። ፀሐይዋ ስትበረታ ጃንጥላ ገዝቶ አመጣ። ዘርግቶ አጠገባቸው ተክሎላቸው ሲመለስ፣ ሊስትሮዎቹ ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እንዲህ ያለ ልጅ ማን ይወልዳል!» ይሉ ነበር ሴቶቹ። እማማ ዘርፌ ጃንጥላውን በእግራቸው ገፍተው ጣሉት፤ በነጋታው መልሶ ተከለው።

ላቀው ሊያገባ የነበረ ጊዜም ነበር። ትዕግሥት የምትባል፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጅ ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቧ እሺ ብሎ፣ ቀለበት የሚደረግበት ቀን እማማ ዘርፌ ሳይጠበቁ መጡ። ነጭ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ታረቁ ብለን ደስ አለን። ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ በሉ፣ ጠጡ። የልጅቷ አባት «እናት ይመርቁልን» አሉ። እማማ ዘርፌ ተነሡ፤ ሁሉም መዳፉን ዘረጋ።

«እግዚአብሔር ያክብራችሁ» አሉ በጠራ ድምፅ። «ላቀውም ልጃችሁን ወንድሙን እንደጠበቀ ጠብቆ ያኑርላችሁ።»

«አሜን» ያለ ሰው አልነበረም። የትዕግሥት አባት ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ነገሩ በዚያው አበቃ። ላቀው እናቱን አስከትሎ፣ ጭቃው ላይ እንዳይንሸራተቱ መንገዱን እያሳየ፣ ቤታቸው አደረሳቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም። እሳቸው ግን ደጋግመው ቀና እያሉ ያዩት ነበር።

የነፍስ አባታቸው አንድ ቀን እስከ በርጩማቸው ድረስ መጥተው ለመኗቸው። «ይቅር በዪው፤ አንቺም አርፈሽ ቁረቢ» አሏቸው። እማማ ዘርፌ መስቀሉን ተሳልመው፣ «አባ፣ እሱን ይቅር ካልኩት ጣቴ ወዴት ይዞራል?» አሉ። ቄሱ ወደ እግዚአብሔር ማለታቸው መሰላቸውና ደንግጠው አማተቡ። እኔ ግን ወዴት ማለታቸው እንደሆነ ጠረጠርኩ።

ዓመታት አለፉ። አንድ የነሐሴ ቀን ድንገት በረዶ ጣለና እማማ ዘርፌ እኔ ሱቅ ገቡ፤ ከዚያ በፊት ገብተው አያውቁም። ላቀው ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ጋራዡ ተዘግቷል። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ፤ አፍሽ ያንቺ ነው።»

«ያን ቀን እኔም ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። በሩ ላይ ነበርሽ።»

«ላቀው አይሄድም ብሎ ነበር። ሂድ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልመቱኝም። ወደ በረዶው አዩ። ከዚያ፣ ከዚያ በፊት ከሳቸው ሰምቼ በማላውቀው የሚለምን ድምፅ፣ «ላቀው ነው የላከሽ?» አሉኝ።

«አይደለም። እሱ ይህን አንድ ቀንም አንስቶት አያውቅም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

ፊታቸው መልሶ ጠቆረ። «ታዲያ እሱ ያላለውን አንቺ ምን አገባሽ?»

 በዚህ ግን አላበቁም።

«እኔ ቂል መሰልኩሽ? እዚያ በርጩማ ላይ ተጎልቼ የምውለው ምን ስጠብቅ ይመስልሻል? መዶሻውን ጥሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ‹አንቺ ነሽ የገደልሽው› እንዲለኝ ነው። አንድ ጊዜ። ምን ያላደረግሁት አለ? በሕዝብ ፊት አዋረድኩት፤ እንጀራውን ዘጋሁበት፤ ሚስት ከለከልኩት። እሱ ምን አደረገ? ጃንጥላ አመጣልኝ! ጃንጥላ!»

«ቢልዎት ምን ይሆናሉ?»

«አርፋለኋ» አሉ። «ከዚያ አብረን እናለቅሳለን። አሁን እኮ አልቅሼ አላውቅም።»

እውነት ነው፤ በእሸቴ ቀብር ላይ እንኳ እንባ አላየሁባቸውም። ለላቀው ልንገረው ስል እጄን ያዙኝ። ጣቶቻቸው ቀዝቅዘው ነበር። «በእሸቴ አፅም ይዤሻለሁ፤ እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳትነግሪው። ለምኜ የማገኘውን ቃል አልፈልገውም። ከራሱ ልብ ይምጣ» አሉኝ። በረዶው ሲያባራ ወጥተው በርጩማቸውን ከጭቃው አነሡ፤ በነጠላቸው ጠርገው መልሰው ተቀመጡ።

ባለፈው ዓመት ጉልበታቸው ከዳቸውና አልጋ ያዙ። ላቀው ሥራውን ትቶ አስታመማቸው። ያጥባቸዋል፤ ያገላብጣቸዋል፤ በማንኪያ ያጎርሳቸዋል። አሁን ከእጁ ይበሉ ነበር፤ አማራጭ አልነበራቸውም። ልጠይቃቸው በሄድኩባት በመጨረሻዋ ቀን ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። እማማ ዘርፌ ዓይናቸውን ከላቀው ላይ አያነሡም።

«ላቀው» አሉት፤ ድምፃቸው አልቋል። «የምትለኝ የለህም?»

«ምን እላለሁ እማዬ? አርፊ።»

«ልብህ ውስጥ በኔ ላይ የቀረ ነገር የለም?»

ላቀው ትራሳቸውን አስተካከለ፤ ግንባራቸውን በጨርቅ ጠረገላቸው። ሁሉም እየሰማ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ ምን አጥፍተሽ፣ እማዬ?» አላቸው።

ሴቶቹ አለቀሱ። አንዷ «ይኼ መልአክ ነው!» አለች። እማማ ዘርፌ ግን ላቀውን ረጅም ጊዜ አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገሩም አሉ። እኔ በማግሥቱ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ስልኩ የመጣልኝም እዚያው ነው።

ለቀብሩ ደረስኩ። ቄሱ ስለ ላቀው ታጋሽነት ሰበኩ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ እንዳልል በቀብር ላይ አይጨበጨብም፤ ፊታቸው ግን እንደዚያ ነበር። ሠልስቱ አልፎ ላቀው ጋራዡን ሲከፍት ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። የአንድ ገበሬ ተሳቢ ጎማ ፈትቶ ኩሽኔታውን በመዳፉ ግሪስ እየሞላ ነበር። መሐላዬ ከእማማ ዘርፌ ጋር ስለተቀበረ ሁሉንም ነገርኩት። በረዶ የጣለበትን ቀን፣ በርጩማው ላይ የሚጠብቁት ምን እንደነበረ፣ አንድ ቃል ብቻ እንደፈለጉ። ይወድቃል፣ ይጮኻል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ቀና እንኳ አላለም።

«አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«የምትጠብቀውን። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የትዕግሥት ቤት ያ ነገር ከሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ዱላ የሚናፍቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚመታ።»

«ታዲያ እያወቅህ ለምን አልነገርካቸውም?»

ኩሽኔታውን ቦታው አስገባ፤ ታምቡሩን ከደነ፤ ብሎኑን አጥብቆ ትንሽ መልሶ አላላው። ከዚያ ዓይኔን አየኝ። ዓይኖቹ የናቱ ዓይኖች ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አላስተዋልኩትም ነበር።

«ስላወቅሁ ነዋ ያልነገርኳት» አለ።

 ጎማውን መልሶ አሰረና ገፋ አደረገው፤ ያለ ምንም ድምፅ ዞረ። የተሳቢው ባለቤት፣ ከመራኛ የመጣ ሽማግሌ፣ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ቆይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«እናትህን እንዴት እንደጦርክ ሰምቻለሁ» አለው። «አንተ ደግ ሰው ነህ። እግዚአብሔር እንዳንተ ያለውን ልጅ ለሁላችን ይስጠን።»

«አሜን» አለ ላቀው።